ስለ አሮጌ ጨዋታና ስለ አዲስ ቀለም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ቪዲዮ ጌም የምጽፍልህ እንደ ብዙ ሽማግሌዎች «ይህ የሥራ ፈት ነገር ነውና ተወው» ብዬ ልገሥጽህ አይደለም። እኔም ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ ነገር ወዳጅ ነኝ፤ ዛሬም ጠጕሬ ሸብቶ አልተውሁትም። ስለዚህ የምናገረው ከውጭ ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው ሳይሆን፥ በገዛ ቤቱ ጥፋት አይቶ ዝም ማለት እንዳቃተው ሰው ነው። ጥፋቱም በነጋዴዎቹ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም፤ የሚበዛው በእኛ በወዳጆቹ ነው። ከእኛም መካከል በመጀመሪያ የምከሰሰው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዘመን ብዙ የጨዋታ ኩባንያዎች አዲስ ነገር ፈጥረው ከመድከም ይልቅ፥ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተወደደውን ጨዋታ ከጓዳ አውጥተው፥ አቧራውን አራግፈው፥ አዲስ ቀለም ቀብተው እንደገና መሸጥን ልማድ አድርገዋል። ሥዕሉንና ድምፁን ብቻ አጥርተው ሲያወጡት ሪማስተር ይሉታል፤ ከመሠረቱ አፍርሰው ሲሠሩት ሪሜክ ይባላል። ከየጨዋታው የታወቁትን ጀግኖች ሰብስበው በአንድ መድረክ ሲያገናኙ ደግሞ ስሙ ክሮስኦቨር ነው። እኔ እነዚህን ሁሉ በጅምላ አልነቅፍም፤ መልካም ሆነው የተሠሩ አሉና። የምነቅፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ አዲሱን ለመሸጥ ሲባል አሮጌውን ከሰው እጅ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው፥ የምናውቀውን ፊት ስላየን ብቻ ሳንመረምር እልል ማለታችን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በልጅነቴ በአዲስ አበባ በሰፈራችን አንድ ጌም ቤት ነበረ። ጌም ቤት ማለቴ የቆርቆሮ ግድግዳ ያላት፥ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ረዥም አግዳሚ ወንበር የያዘች ክፍል ናት። ባለቤቱን ጋሼ እያልን እንጠራው ነበር፤ እርሱም ሰዓቱን እያየ በደቂቃ ያስከፍለን ነበር። ካሴቱ አልሠራ ሲል አውጥተን በአፋችን እፍ እንልበትና መልሰን እንሰካዋለን። ለዳቦ ከተሰጠኝ ሳንቲም ቀንሼ ሱፐር ማሪዮን የተጫወትሁበት ቀን ብዙ ነው፤ በዚህም የተቈነጠጥሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ጨዋታው ከወጣ አሥር ዓመት እንዳለፈው አላውቅም ነበር። ለእኔ በዚያው ቀን የተወለደ ነበር። አሮጌ የሚባል ነገር የለም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን መልካም ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ላገኘው ልጅ ሁሉ አዲስ እንደ ሆነ ከዚያች ክፍል ተምሬአለሁ።

ካደግሁ በኋላ ያ ጨዋታ እንዴት እንደ ተሠራ አነበብሁ፤ አድናቆቴም ጨመረ። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ መላው የተጻፈው በ40 ኪሎባይት ቦታ ውስጥ ነው። ዛሬ በስልክህ የምታነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ሠሪዎቹ ቦታ ስለ ጠበባቸው ለሰማዩ ደመናና ለምድሩ ቍጥቋጦ አንድ ሥዕል ሠርተው፥ ቀለሙን ብቻ አንዱን ነጭ ሌላውን አረንጓዴ አደረጉት። እኔ ግን ስንት ዓመት ስጫወት ይህን አላስተዋልሁም። እንዲሁም ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ባወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ፥ ከሰማይ የሚወርዱት ጠላቶች ቍጥራቸው ሲያንስ ፍጥነታቸው ይጨምራል። ይህ መጀመሪያ የመሣሪያው ድካም ነበር፤ ብዙ ጠላት በአንድ ጊዜ ሲሥል ይዘገያል፥ ሲቀነሱለት ይፈጥናል። ኒሺካዶ ግን ድካሙን አይቶ አላረመውም፤ የተጫዋቹን ልብ የሚያስደነግጠው ይህ መሆኑን ተረድቶ ተወው። እንግዲህ በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ጥበቡና ድህነቱ እንደ ድርና ማግ ተሸምነዋል። ድህነቱን ልንቀል የሚል ሰው ጥበቡንም አብሮ እንዳይመዘው መጠንቀቅ አለበት።

ይህን ጥንቃቄ ያጡ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። በ1999 ሳይለንት ሂል የሚባል የሚያስፈራ ጨዋታ ወጣ። የጨዋታው ከተማ በጉም የተሸፈነችው የዚያን ጊዜው መሣሪያ ሩቁን ቦታ መሣል ስለማይችል ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ችግሩን ወደ ፍርሃት ለወጡት። ከጉሙ ማዶ ምን እንዳለ አለማወቅ የጨዋታው ነፍስ ሆነ። በ2012 ተከታዮቹ ሁለት ክፍሎች ተጣርተው እንደገና ሲወጡ፥ ያለቀለት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ተሟልቶ ባለመገኘቱ ሥራው በጅምር ጽሑፍ ላይ ተሠራ። ጉሙም ሳሳ፤ ከበስተኋላው እንዳይታይ የታሰበው ባዶ ቦታ ተገለጠ። ገዢው ከሁሉ የጠራ ሥዕል ተሰጠው፤ ፍርሃቱ ግን ጠፋ።

ከዚህ የባሰው በ2021 ሆነ። ሮክስታር የተባለው ኩባንያ ሦስቱን የታወቁ የግራንድ ቴፍት ኦቶ ጨዋታዎቹን አሳድሶ በአንድነት ሲያወጣ፥ አስቀድሞ አሮጌዎቹን ከኢንተርኔት መደብሮች አነሣ። አዲሱ በኅዳር ወር ሲወጣ ብዙ ስሕተት ተገኘበት፤ ዝናቡ ዓይን የሚጋርድ ሆነ፥ የሰዎቹም መልክ ተበላሸ። በ2004 በወጣው በሳን አንድሪያስ ሩቁን ይሸፍን የነበረው ጭጋግ ስለ ተገፈፈ፥ ሰፊ አገር ይመስል የነበረው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ታይቶ እንደ ጓሮ ጠበበ። ኩባንያው በዚያው ወር ይቅርታ ጠየቀ፤ አሮጌዎቹንም ለኮምፒዩተር ተጫዋቾች መልሶ ለመሸጥ ቃል ገባ። ይቅርታ መጠየቁ መልካም ነው። ነገር ግን ልብ በል፤ የተበላሸው ነገር ሊታወቅ የቻለው አሮጌውን የሚያስታውስ ሰው ስላለ ነው። የሚያስታውሰው ሰው ባይኖር ኖሮ «ይህ ጨዋታ ድሮም እንዲህ ነበር» ተብሎ ይቀር ነበር።

የአገራችን ቁም ጸሐፊ ያረጀውን መጽሐፍ በአዲስ ብራና ሲገለብጥ፥ ፊደሉን ከቀድሞው ይልቅ ማሳመር፥ ሐረጉንም ማስጌጥ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ግን አሮጌውን መጽሐፍ እሳት ውስጥ አይከተውም። ቢሳሳት የሚታረምበት፥ የሚመሰክርበትም እርሱ ነውና በክብር ያስቀምጠዋል። ከዚህ ሌላ ግን የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቆ በዚያው ብራና ላይ ሌላ የሚጽፍ አለ። የመጀመሪያው ጠባቂ ነው፤ የኋለኛው ግን ምንም እጁ ቢያምር አጥፊ ነው። እኔ ሪማስተርን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ መገልበጥ ነው ወይስ መፋቅ?

የመፋቅን ሥራ ማየት ብትፈልግ የ2020ን ነገር ተመልከት። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ በ2002 ያወጣውን ዋርክራፍት ሦስትን አሳድሶ ሲያወጣ፥ አሮጌውን በገንዘባቸው ገዝተው አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩት ሰዎች በኢንተርኔት ለመጫወት አዲሱን ፕሮግራም እንዲጭኑ ግድ ሆነባቸው። በአዲሱ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የነበሩት የማዕረግ ውድድርና የማኅበር መዝገብ በዚያን ጊዜ አልነበሩም። ሕዝቡ ቢቈጣ ኩባንያው ገንዘባቸውን ለጠየቁት መለሰ። ዳሩ ግን ገንዘቡ ቢመለስ የለመዱት ቤት እንደ ነበረ አልተመለሰላቸውም። «የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። በዚህስ የጣለችው የራሷን አይደለም፤ የሌላውን ሰው ብብት ነው።

ምናልባት «ጥቂት ስሕተት አይተህ ስለ ምን ትጮኻለህ?» ትለኝ ይሆናል። ጥቂት አይደለም። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት፥ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች መካከል 87 በመቶው በገበያ አይገኝም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ኒንቴንዶ የሁለት መሣሪያዎቹን፥ የዊ ዩንና የስሪ ዲ ኤስን፥ የኢንተርኔት መደብር ዘጋ፤ በዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩትም ጨዋታዎች መግዣ አጡ። ይኸው ኩባንያ በ2020 ሦስት የቀድሞ የማሪዮ ጨዋታዎችን በአንድ ዕቃ አድርጎ ሲያወጣ፥ ሽያጩ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚያበቃ አስቀድሞ አስታወቀ፤ እንዳለውም በመጋቢት 2021 አቆመው። ዕቃው አልቆ አይደለም፤ ገዢው ይጣደፍ ዘንድ ነው እንጂ። እንግዲህ የልጅነት ትዝታችንን በር ላይ ሰዓት ይዞ በሚቆም ነጋዴ እጅ አስገብተናል። የሰፈራችን ጋሼስ በደቂቃ ቢያስከፍለን፥ ነገ ተመልሰን ስንሄድ በሩን ክፍት እናገኘው ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣትነቴ እጅግ የወደድሁት አንድ ጨዋታ ታድሶ ሊወጣ ነው ተባለ። ስሙን አልናገርም፤ የሞኝነቱ ባለቤት እኔ ነኝና። ገና ከመውጣቱ ሦስት ወር አስቀድሜ፥ ምንም ሳላይ፥ የቀድሞውን ዜማ በማስታወቂያው ላይ ስለ ሰማሁ ብቻ ገንዘቤን ከፈልሁ። ሲደርስልኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለውን የእኅቴን ልጅ ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥሁትና «ይህን ተመልከት፤ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አልተሠራም» አልሁት። ልጁ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተ። እኔ በየቦታው «ይኸውልህ! አየኸው?» እያልሁ እጮኻለሁ፤ እርሱ ግን ዝም ብሏል። በመጨረሻ መያዣውን አስቀምጦ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የሚያዩት ጨዋታና እኔ የማየው አንድ አይደለም መሰለኝ» አለኝ።

ይህ ቃል እንደ መርፌ ወጋኝ፤ እውነት ነበረና። እኔ የማየው በፊቴ ያለውን ሥራ አልነበረም። የማየው የቆርቆሮዋን ክፍል፥ አግዳሚውን ወንበርና የጓደኞቼን ፊት ነበር። ሥራው ቢከፋ ቢለማ እኔ አላውቅም፤ ትዝታዬ ጉድለቱን ሁሉ ሞልቶልኝ ነበር። ነጋዴውም የሸጠልኝ ይህንኑ የገዛ ትዝታዬን ነው። በማግሥቱ አሮጌውን መሣሪያ ከሣጥን አውጥቼ ሰካሁለት። መጀመሪያ በሥዕሉ ሳቀ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ሞተ፥ ተናደደ፥ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው» አለ። እራት ሲቀርብ ተነሣ ብንለው አልሰማንም። እኔ በዚህ የተደሰትሁት አሮጌው ስለ በለጠ አይደለም፤ ልጁ ሁለቱን አይቶ በራሱ ዓይን ስለ ፈረደ ነው። ነገር ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ይህ ልጅ ሊፈርድ የቻለው ሣጥን ያለው አጎት ስላለው ነው። ሣጥን ያለው አጎት የሌለው ልጅ በምን ይመዝናል? የተሰጠውን ብቻ ተቀብሎ «ሰዎች የወደዱት ይህንን ነበር እንዴ?» ብሎ አባቶቹን ይንቃል።

ስለ ክሮስኦቨርም የምለው አለኝ። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። ዛሬ ጀግኖችን መሰብሰብ ራሱ ሥራ እየተባለ ነው። ይህ ከዚያ ጋር ተዋጋ፥ ያ የዚህን ልብስ ለበሰ ሲባል እኛ እናጨበጭባለን፤ ጨዋታው ራሱ መልካም ነውን ብለን ግን አንጠይቅም። ይህ ነገር ከመሠረቱ እንዲህ አልነበረም። ማሳሂሮ ሳኩራይና ሳቶሩ ኢዋታ በ1999 የወጣውን ሱፐር ስማሽ ብራዘርስን መጀመሪያ ሲሞክሩት የሚዋጉት ሰዎች የታወቁ ጀግኖች አልነበሩም፤ ስም የሌላቸው ነበሩ። ማሪዮና ጓደኞቹ የገቡት አጨዋወቱ ጥሩ እንደ ሆነ ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ ፊቱ የመጣው ከሥራው በኋላ ነበር። በ2018 የወጣው የዚሁ ጨዋታ ክፍል ከሰማንያ በላይ ተዋጊዎች ቢሰበሰቡበት አልከበደውም፤ ቤቱ አስቀድሞ በመልካም መሠረት ቆሟልና። መሠረት ሳይኖር እንግዳ የሚጠራ ግን ድንኳን ሳይተክል ሠርግ እንደሚደግስ ነው።

ደግሞም የብዙ ባለንብረቶች ጨዋታ በውል የተንጠለጠለ ነው። በ2000 የወጣው ማርቬል ቨርሰስ ካፕኮም ሁለት የሚባለው ጨዋታ 56 ተዋጊዎች የነበሩት ተወዳጅ ሥራ ነው። በ2009 በኢንተርኔት መደብር መሸጥ ጀምሮ በ2013 ከመደብሩ ተነሣ። እስከ 2024 ድረስ፥ አሥር ዓመት በላይ፥ በሕጋዊ መንገድ በአዲስ መግዛት አልተቻለም። ጨዋታው አላረጀም፤ የፈረሰው የባለንብረቶቹ ውል ነው። ወላጆቹ ሲለያዩ ልጁ ሜዳ ቀረ። ስለዚህ የጀግኖች ስብሰባ ሲታወጅ ከማጨብጨብህ በፊት «ይህ ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ የት ይገኛል?» ብለህ ጠይቅ።

ተቃዋሚዎቼ ሦስት ነገር ይሉኛል። አንደኛው «ንብረቱ የኩባንያው ነው፤ ቢሸጥ ባይሸጥ ምን አገባህ?» ይላል። ንብረቱስ የእርሱ ነው። ነገር ግን በሩን ከዘጋ በኋላ ሌላው ሰው በጎን እንዳይገባ መከልከሉ ፍትሕ አይመስለኝም። በ2024 በአሜሪካ፥ ቤተ መጻሕፍት በገበያ የሌሉትን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች ከሩቅ ለማሳየት የጠየቁት ፈቃድ በቅጂ መብት ቢሮ ተከለከለ፤ የጨዋታ ኩባንያዎች ማኅበርም ጥያቄውን ተቃውሞ ነበር። ራሱ አይሸጥም፥ ሌላው እንዲያሳይ አይፈቅድም። ከዚያም ወዳጆቹ ያለ ፈቃድ ገልብጠው ሲያስቀምጡት ሌቦች ይላቸዋል። ስርቆትን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ቀኙን በር የዘጋ ሰው በመስኮት ስለ ተገባበት ብቻውን ተበዳይ አይባልም።

ሁለተኛው «ልጆች አሮጌውን አይወዱትም» ይላል። ይህን የእኅቴ ልጅ መልሶለታል። ሦስተኛው ደግሞ «ጨዋታ እኮ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» ይላል። ለዚህ የምመልሰው፥ ሰው በጨዋታ የለመደውን በቁም ነገርም ያደርገዋል የሚል ነው። ሳያይ መክፈልን፥ ሳይመዝን ማመስገንን፥ የተፋቀውን ብራና «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ መቀበልን በጨዋታ የለመደ ወጣት፥ ነገ የአያቶቹን ታሪክ ፍቀው ሌላ ሲጽፉለት በምን ይነቃል?

መልካም ያደረጉትን ሳላመሰግን ብቀር ግን እኔም ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በ1990 የወጣው የመንኪ አይላንድ ምስጢር በ2009 ሲታደስ፥ አንድ ቍልፍ በመጫን ብቻ ወደ አሮጌው ሥዕል መመለስ ይቻል ነበር። በ2011 የታደሰው ሄሎ፥ በ2024ም የታደሱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የቱም ሬደር ጨዋታዎች ይህንኑ አደረጉ። እንዲህ ያለው ሠሪ «ሥራዬን ከቀድሞው ጋር አስተያይተህ ፍረድ» ሲል በሥራው አያፍርም ማለት ነው። በ2022 የወጣው አታሪ ሃምሳ ከመቶ በላይ አሮጌ ጨዋታዎችን ከሠሪዎቹ ቃልና ከቀድሞ ሰነዶች ጋር አቅርቧል። በ2017 የወጣው ሶኒክ ማኒያ ደግሞ በክርስቲያን ኋይትሄድ መሪነት የተሠራው የቀድሞውን ጨዋታ ሲወዱ ባደጉ ሰዎች እጅ ነው፤ ፍቅራቸውም በጩኸት ሳይሆን በሥራ ታየ። እነዚህ ቁም ጸሐፊዎች ናቸው።

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ፥ ምክሬ አጭር ነው። ያላየኸውን አስቀድመህ አትክፈል፤ «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ላንተም ነው። የታደሰ ነገር ሲቀርብልህ አሮጌው የት እንደ ገባ ጠይቅ፤ ካጠፉት አትግዛቸው። አሮጌ ካሴትና መሣሪያ በቤትህ ቢኖር ለቆራሌው አትስጥ፤ ጠርገህ አስቀምጥ፥ ለታናናሾችህም አሳያቸው። ስትፈርድም በትዝታህ ሳይሆን በዓይንህ ፍረድ። ከሁሉም በላይ፥ ችሎታው ካለህ አንተው ራስህ አዲስ ሥራ። እነዚያ በ40 ኪሎባይት ዓለም የፈጠሩ ሰዎች ከፊታቸው የሚያሳድሱት አሮጌ ጨዋታ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጠባብ ቦታና ትዕግሥት ብቻ ነው።

እኔም ከእንግዲህ ሣጥኔን አልቈልፈውም። የእኅቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፤ ካሴቱም አልሠራ ሲል አውጥተው እፍ ይሉበታል። በደቂቃ አላስከፍላቸውም።